ዝም ማለት መስማማት ነው እንዴ?

በማስተማር ልምምድ ቡድኖቻችን አንድ ልማድ ሥር እየሰደደ ነው። መሪው የሥራ ክፍፍሉን ያነብና «ጥያቄ አለ?» ይላል፤ ሁሉም ዝም። «እንግዲያው ተስማምተናል!» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ባለፈው ሳምንት እንዲህ «ከተስማማን» በኋላ አንዲት እህታችን ተማሪዎች ፊት ባዶ እጇን ቆመች። የማስተማሪያ ሥዕሉን የሠራ ሰው አልነበረም። በስብሰባው ላይ «ሥዕሉስ?» ብላ ነበር፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነውና ማን ይስማት!

ነገሩን አናቃልለው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት አውሮፕላኖች በጭጋግ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ለመነሣት በሚንደረደረው አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ፣ ሌላው ከመንደርደሪያው መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር። ዋናው አብራሪ «አዎን» ብሎት ቀጠለ። ሰውዬው ራሱ የአብራሪዎች አሠልጣኝ ነበር፤ ችሎታ አልጎደለውም። አጠገቡ የተነገረውን ግን ልብ አላለም። እኛ ንቃት የምንለው ይህንኑ ልብ ማለት ነው።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ልምምድ ጀምሮ መሪዎቻችን «ጥያቄ አለ?» የሚለውን ይተዉልን። እያንዳንዱን በየተራ «አንተ ምን ይዘሃል? አንቺስ ምን ያሳስብሻል?» ይበሉ። ጊዜ ይፈጃል የሚሉ አሉ፤ ቢፈጅ አሥር ደቂቃ ነው። መምህራኖቻችንም በሂስ ሰዓት መሪውን በዚህ ጭምር ቢመዝኑት እንወዳለን።