ከማዘመን በኋላ የጠፋው ዋይፋይ



ባለፉት ወራት ወደዚህ ዓምድ ከደረሱት ጥያቄዎች መካከል እጅግ የተደጋገመው አንድ ነው። ላፕቶፑ ማታ ሲዘጋ ጤነኛ ነበር፤ ራሱን እያዘመነ መሆኑንና እስኪጨርስ እንዳይጠፋ በጽሑፍ አሳሰበ፤ በማግሥቱ ሲከፈት ግን ዋይፋዩ የለም። ኢንተርኔቱ ደከመ ወይም ተቆራረጠ ማለት አይደለም። የዋይፋዩ ምልክት ራሱ ከማያው ግርጌ ጠፍቶ፣ በቦታው ሉል የሚመስል ክብ ምልክት ተተክቷል።

ጥያቄው በዚህ ዘመን የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በዚህም የተነሣ ብዙ ላፕቶፖች ወደ ዊንዶውስ 11 እንዲሻገሩ ተደርጓል። በላፕቶፑ ውስጥ ያለው የዋይፋይ ካርድ ግን አልተለወጠም። ካርዱንና ዊንዶውስን የሚያግባባው ድራይቨር የሚባለው አነስተኛ ሶፍትዌር ነው፤ በሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች መካከል እንደሚቆም አስተርጓሚ ያለ ነው። በማዘመኑ ጊዜ አስተርጓሚው ከተሰናበተ፣ ወይም ካርዱን በማያውቅ ሌላ ከተተካ፣ ካርዱ ምንም ሳይጎድልበት ዝም ይላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም፤ አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛትም የሚያስቸኩል ምክንያት የለም።

አስቀድሞ ግን ጥፋቱ የላፕቶፑ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። በዚያው ክፍል ውስጥ ስልክዎ በዚያው ዋይፋይ ኢንተርኔት ያገኛል? ካላገኘ ችግሩ ከራውተሩ ነውና ላፕቶፑን አይነካኩት። የዋይፋዩ ምልክት በቦታው ኖሮ የገዳሙ ኔትወርክ ስም ብቻ ካልታየ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ራውተሮች በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ያሠራጫሉ፤ አምስቱ ፈጣን ቢሆንም ወፍራም የድንጋይ ግንብ ቶሎ ያደክመዋል። የአሮጌዋን ኢየሩሳሌም ግድግዳ ለሚያውቅ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በሩን ከፍቶ ወደ ራውተሩ ጥቂት ቀረብ ማለት ብቻውን መልስ ይሰጣል።

ቀጥሎ የአውሮፕላን ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ይመልከቱ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ከላይኛው የቁልፍ መደዳ ይገኛል፤ መጻሕፍት ሲደራረቡበት ሳይታወቅ ይጫናል። ከዚያ ላፕቶፑን በእውነት ያጥፉት። «በእውነት» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዊንዶውስ በፍጥነት ለመነሣት ሲል፣ የጠፋ ሲመስል የሥራውን ከፊል አስቀምጦ ያንቀላፋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። «ሪስታርት» የሚለውን ሲመርጡ፣ ወይም የ«ሺፍት» ቁልፍን ይዘው «ሻት ዳውን» ሲሉ ግን ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ አዲስ ይነሣል። በዚህ ብቻ የተመለሰ ዋይፋይ ጥቂት አይደለም።

አልተመለሰም እንበል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው «ኤክስ» ፊደልን ይጫኑ፤ ከሚወጣው ዝርዝር «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ይክፈቱ፤ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» የሚለውን ይዘርጉት። በዚያ የዋይፋይ ካርዱ ስም መኖር አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ኢንቴል፣ ሪልቴክ፣ ሚዲያቴክ ወይም ኳልኮም ይላል። ስሙ ኖሮ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለበት አስተርጓሚው ታሟል ማለት ነው። በስሙ ላይ ሁለት ጊዜ ተጭነው «ድራይቨር» ወደሚለው ገጽ ይግቡ፤ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለው ቁልፍ ደምቆ ከታየ ይጫኑት፤ ከማዘመኑ በፊት የነበረውን ድራይቨር ይመልሳል። ቁልፉ ከደበዘዘ የቀድሞው አልተቀመጠም ማለት ነውና «አንኢንስቶል ዲቫይስ» ይበሉ። በዚህ ጊዜ ድራይቨሩንም አብሮ ያጥፋ እንደሆነ የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን ይመጣል፤ ሳጥኑን ምልክት ሳያደርጉበት ይለፉት። ላፕቶፑ ተዘግቶ ሲነሣ ካርዱን እንደ አዲስ ያገኘዋል።

ስሙ ጭራሽ ከሌለ፣ ወይም ይህ ሁሉ ካልረዳ፣ ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ማውረድ ያስፈልጋል። ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልጋልና። መፍትሔው በቀሚስ ኪስ ውስጥ ነው። የአንድሮይድ ስልክን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙ፤ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ካለበት ስፍራ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ»ን ያብሩ። ስልኩ በገዳሙ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ያንኑ በገመድ ለላፕቶፑ ያካፍላል፤ የካርድ ገንዘብ አይበላም። ገመዱ ግን ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ዓይነት እንዳይሆን ይጠንቀቁ። በአይፎን ይህን ለማድረግ በላፕቶፑ ላይ የአፕል ተጨማሪ ሶፍትዌር ስለሚያስፈልግ አንድሮይድ ያለውን ወንድም መለመን ይቀላል። ከዚያ በላፕቶፑ ሆድ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ስም በአምራቹ ድረ ገጽ ይፈልጉ። ድራይቨር እናወርዳለን እያሉ በማስታወቂያ ከሚጮኹ ሌሎች ድረ ገጾች ይራቁ፤ የሚያስገቡት ከሚፈውሱት ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በዐቢይ ጾም መካከል አንድ አባት ላፕቶፓቸው ይኸው ደረሰበት። ለትንሣኤ የሚመጡ ተሳላሚዎች ስም ዝርዝር በሦስት ቀን ውስጥ ወደ አዲስ አበባ መላክ ነበረበት። ሊረዳቸው የቀረበ አንድ ወጣት በቅን ልብ «ፎርማት ይደረግ፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል» አላቸው። በዚያው ላፕቶፕ ላይ ግን ለዓመታት ከወረቀት እየገለበጡ የጻፉት የመታሰቢያ መዝገብ ነበር፤ በዚህ አገር ያረፉ አባቶችና እናቶች ስም፣ ያረፉበት ቀን፣ በጸሎት ጊዜ የሚነሣው ሁሉ። ከወረቀቶቹ አንዳንዶቹ በእርጥበት ደብዝዘዋል። ሌላ ቅጂ አልነበረም።

ፎርማት ማድረግ ይህን ሁሉ ያጠፋል። «ፋይሎቼን አስቀርልኝ» የሚለው ቀለል ያለው ምርጫ እንኳ ፋይሉን ቢያስቀርም፣ ኋላ የተጫኑ ሶፍትዌሮችንና የፊደል ቅርጾችን ያስወግዳል። መዝገቡ ደግሞ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌሮች የተጻፈ ነበር። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፊደሉ ከላፕቶፑ ሲጠፋ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆኖ ይታያል፤ የአባቶች ስም ሁሉ ወደዚያ ይለወጣል። ፊደሉ ከተገኘ ይመለሳል፤ የዚያ ዘመን ሶፍትዌር ዲስክ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ ግን ማን ያውቃል? ለጠፋ ዋይፋይ ፎርማት ማድረግ፣ በእኔ ዕይታ፣ ቁልፍ ጠፋ ብሎ ዕቃ ቤቱን ማቃጠል ነው። መዝገቡ ከነፊደሉ በሁለት ፍላሽ ዲስክ ተገለበጠ፤ የስም ዝርዝሩ ከላፕቶፑ ወደ ስልክ በገመድ ተሻግሮ በዚያው ቀን ተላከ፤ ድራይቨሩ በማግሥቱ በእርጋታ ተጫነ። እንግዲህ የአገልግሎቱ ሥራ የላፕቶፑን መዳን መጠበቅ አላስፈለገውም።

ወደ ዊንዶውስ 11 ከተሻገሩ ገና 10 ቀን ላልሞላዎ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ በሴቲንግ ውስጥ «ሪከቨሪ» በሚለው ስር «ጎ ባክ» የሚል ቁልፍ ወደ ቀድሞው ይመልሳል። ከ10 ቀን በኋላ ቁልፉ አይሠራም፤ ስለዚህ የዋይፋዩን ነገር «ሳምንት አየዋለሁ» ማለት አይበጅም። አነስተኛ ወርኃዊ ማዘመን ከሆነ ግን በ«አፕዴት ሂስትሪ» ውስጥ ያን አንዱን ብቻ ማንሣት ይቻላል።

አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ጥፋቱ የአምራቹ ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የወጣ የዊንዶውስ 11 ማዘመኛ አንዳንድ ላፕቶፖችን ከዋይፋይ አስቀርቷል። ችግሩ የጎላው እንደ ዩኒቨርሲቲ ባሉ፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በራሱ ስም በሚገባባቸው ኔትወርኮች ላይ ነበር። ማይክሮሶፍትም ጥፋቱን አምኖ ለውጡን መልሶታል። ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ በጤና እየታየ፣ ቢጫ ምልክትም ሳይኖርበት አልገናኝ ካለ፣ ማዘመኛውን አንሥቶ ጥቂት ቀን መጠበቅ ብልህነት ነው።

ካርዱ በእርግጥ ከሞተም መፍትሔው ውድ አይደለም፤ በዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰካ የጣት ጫፍ የሚያክል የዋይፋይ መቀበያ በየኮምፒውተር ሱቁ ይገኛል። ዓርብ ከቀትር በኋላ ግን በምዕራብ ኢየሩሳሌም ያሉት ሱቆች ለሰንበት ስለሚዘጉ እስከ ቅዳሜ ምሽት መታገሥ ግድ ይሆናል።

ሰሙነ ሕማማት ሳይገባ በ«ዊንዶውስ አፕዴት» ገጽ ላይ «ፖዝ» የሚለውን ተጭነው ማዘመኑን እንዲያቆዩት እመክራለሁ። እስከ 5 ሳምንት ድረስ ይፈቅዳል። ተሳላሚዎች ከተሸኙ በኋላ ግን መልሰው ይክፈቱት፤ ማዘመኛው የደኅንነት ጥገናም ይዟልና። ከመክፈትዎ አስቀድመው ፋይልዎን በፍላሽ ይገልብጡ፤ የካርድዎን ድራይቨርም ዋይፋዩ እየሠራ ሳለ አውርደው በዚያው ፍላሽ ላይ ያኑሩት።