ጉንፋን ያልሆነው ጉንፋን

ሰው ሲያነጥስ በአጠገቡ ያለው «ይማርህ» ይለዋል፤ እርሱም «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል። ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን ከወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆሞ ለእያንዳንዱ ማስነጠስ «ይማርህ» ልበል የሚል ሰው ቢኖር እስከ ማታ ሌላ ሥራ ባልሠራ ነበር።

ዱቄት ተሸካሚው፣ እህል አበጣሪዋ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ በመጋዘን ውስጥ ጥሬ ቡና የምትለቅመው ሴት፥ አፍንጫቸው ሲፈስና ዐይናቸው ሲያሳክካቸው ምን እንደ ሆኑ ቢጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ጉንፋን ነው» ይላሉ። አንዱ ሳይነስ ይለዋል፤ ሌላው ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ያሻል። እኛ የሕክምና ተማሪዎች አይደለንም። ስለ ቃላት ለመከራከር ግን መብት አለን እንላለን፤ ክርክራችንም «ጉንፋን» ስለምትባለው ስለዚህች ቃል ነው።

ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በጥቂት ቀንም ይለቃል። እነዚህን ሰዎች የያዛቸው ግን ሰኞ ጠዋት ከሥራ ጋራ ይመጣል፤ እሑድ ቀለል ይላል፤ ለፋሲካ አገር ቤት ሲሄዱ ይጠፋል፤ ሲመለሱም በር ላይ ቆሞ ይቀበላቸዋል። የሥራ ቀን ቆጥሮ የሚመጣ ምን ዓይነት ጉንፋን ነው? ሐኪሞች የአፍንጫ አለርጂ ይሉታል። ሰውነት የዱቄቱን ብናኝ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በዝምታ ሲቀበል ይቆይና ከዕለታት አንድ ቀን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይቆጣል። አንድ ጊዜ ከተቆጣ በኋላ ጥቂት ብናኝ ይበቃዋል። ስለዚህ «አሥር ዓመት ስሠራ ምንም አላደረገኝም» የሚለው ክርክር ዋጋ የለውም። የከፋው ደግሞ በአፍንጫ የጀመረው በአንዳንዶቹ ላይ አስም ሆኖ ወደ ደረት መውረዱ ነው። ያን ጊዜ ሥራውን ቢተዉትም በሽታው ላይተዋቸው ይችላል።

ነገሩ የዛሬ ግኝት አይደለም። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1700 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ የጋጋሪዎችንና የእህል አበጣሪዎችን መከራ ጽፏል፤ ሐኪሞችም በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ መክሯል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ይህች ጥያቄ በስንቱ ጤና ጣቢያ ትጠየቃለች? በሽተኛው ስሙን፣ ዕድሜውንና ቀበሌውን ተናግሮ ክኒኑን ይዞ ወደዚያው ዱቄት ይመለሳል።

ቃሉ ዋጋ የሚያስከፍለውም እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣን በሽታ ያውቃል፤ አሠሪውም ለሠራተኛው የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ ያዝዛል። በአካባቢው የሚዛመተውን ተላላፊ በሽታ ግን በሥራ ምክንያት የመጣ ነው ብሎ አይቆጥረውም። እንግዲህ ሠራተኛው «ጉንፋን ነው» ባለ ቁጥር በገዛ አንደበቱ ራሱን ከሕጉ ጥላ ያወጣል፤ አሠሪውም «እግዜር ይማርህ» ብሎ ያልፋል። ከዚህ የረከሰ ካሣ አላየንም።

ሠራተኛው ባለማወቅ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉን። አንስማማም። «ዱቄቱ አሳመመኝ» ያለ ሰው ነገ በቦታው ሌላ ሰው እንደሚተካበት አሳምሮ ያውቃል፤ ጉንፋን የተባለው ለእንጀራው ሲባል ነው። «ሻሽ ይከናነቡ» የሚለውም ምክር ባዶ ነው፤ ሻሽ ደቃቁን ብናኝ አያግድም። የሚሻለው ብናኙ ከመነሻው እንዳይቦን ማድረግ ነው፤ ጆንያን አለማራገፍ፣ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ አቅም ያለው ደግሞ ብናኙን ከሚነሣበት ቦታ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ መትከል። ከነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይህን ያህል ገንዘብ አይጠይቁም።

ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፥ የጠዋት ዳቧችን እኛ ሳንነሣ በዚሁ ግቢ ይጋገራል። ማኅበራችን ስለ ወጡ መቅጠን በየዓመቱ ከአስተዳደሩ ጋራ ይነጋገራል፤ ይህም የተገባ ነው፤ ወጡ በእውነት ቀጥኗል። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ዱቄቱ እንዴት እንደሚራገፍና ወለሉ በምን እንደሚጠረግ አንድ ጥያቄ እንዲጨመር እንጠይቃለን። ከዚያም በፊት ሁለት ሰው ተመርጦ ጋጋሪዎቹን ያነጋግር። እሑድ ይሻላችኋል ወይ ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ እሑድም ይጋግሩልናልና። የሚጠየቁት፥ ግቢው ለክረምት ተዘግቶ እኛ ወደየአገራችን ስንሄድ አፍንጫቸው እንዴት እንደሚሰነብት ነው።