ማስተማርም እንደ ፊዚክስ ይፈተን

የካርል ዊማን ስም ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ስለ ቅዝቃዜ ነው። እኛ ግን ዛሬ ስለ ማስተማር ልናነሳው ወደድን።

ይህ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ከኤሪክ ኮርኔል ጋር ሆኖ በ1995 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ውስጥ፣ ቦልደር ከተማ፣ የሩቢዲየም አተሞችን ከፍጹም ዜሮ በላይ የአንድ ዲግሪ ሚሊዮንኛ እንኳ ወደማይሞላ ሙቀት አወረደ። በመጀመሪያ አተሞቹ ከየአቅጣጫው በሌዘር ብርሃን እየተመቱ ፍጥነታቸው ተገታ። ቀጥሎ ከሁሉ የሚፈጥኑት እንዲያመልጡ ተደረገ፤ ትኩስ ሻይ በእንፋሎቱ እንደሚበርድ መሆኑ ነው። በመጨረሻም ወደ 2000 የሚጠጉ አተሞች እንደ አንድ አካል ሆኑ። አንስታይን በቦዝ ስሌት ተመርቶ ከ70 ዓመት በፊት የተነበየው ነገር ታየ። በ2001 ሁለቱ ከቮልፍጋንግ ኬተርለ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ታዲያ ዊማን በዝናው ላይ አልተኛም። በላቦራቶሪ የሚጠየቀው ማስረጃ በክፍል ውስጥም ይጠየቅ ብሎ ተነሳ። እሱና ባልደረቦቹ በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከ260 በላይ ተማሪ የተመዘገበባቸው ሁለት የፊዚክስ ክፍሎች ለአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት ትምህርት ተማሩ። በአንደኛው ልምድ ያለውና በተማሪዎቹ የተመሰገነ መምህር ገለጻ አደረገ። በሁለተኛው ብዙ ያላስተማሩ ጀማሪዎች ጥያቄ እያቀረቡ ተማሪዎቹን በቡድን አወያዩ። በፈተናው የገለጻው ክፍል አማካይ ውጤት 41 ከመቶ፣ የውይይቱ ግን 74 ከመቶ ሆነ።

እርግጥ የአንድ ሳምንት ሙከራ ሁሉን ነገር አይፈታም። «ክፍሉ ሰፊ ነው፣ መሣሪያ የለም፣ ፖርሽን አያልቅም» የሚለውም ስሞታ እውነትነት አለው። ነገር ግን ያኛውስ ክፍል ጠባብ ነበር እንዴ? አንድ ጥሩ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ጠመኔ ይበቃል። «ለጎንህ አስረዳው» ማለትም ገንዘብ አያስወጣም።

እኛ እጩ መምህራን ማስታወሻ ማስገልበጥን ማስተማር አድርገን ይዘን እንዳንወጣ ያሰጋል። «ገባችሁ?» ስንል «አዎን!» የሚለው የኅብረት ድምፅ ማስረጃ አይደለም። ስለሆነም በማስተማር ልምምዳችን ወቅት በየክፍለ ጊዜው ቢያንስ አንድ ጥያቄ እናቅርብ፤ ተማሪዎቹ ከመወያየታቸው በፊትና በኋላ ትክክለኛውን መልስ የመረጡትን እጆች እንቁጠር፤ ልዩነቱንም መዝግበን እርስ በርስ እንነጋገርበት።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እያልን ጠያቂውን ዝም ካሰኘነው፣ ተረቱን ለማን ነው የምናስተምረው?