መዛግብትን ከእርጥበትና ከሙቀት ለመታደግ፦ ከማሽን በፊት ጥናት

ሐዋሳ፦ ከሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ የምትገኘው ቡሹሎ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሚተዳደረው ጤና ማዕከል ስሟ ይነሣል። በጤና ተመራማሪዎች ዘንድ ደግሞ በሌላ ምክንያት ትታወቃለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ለኅትመት የበቃ ጥናት በመንደሯ ተማሪዎች ላይ የቢልሃርዚያ ስርጭት ከፍተኛ መሆኑን አሳይቷል። ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት በኋላ «በሽታው ቀነሰ ወይስ ጨመረ?» ብሎ የሚነሣ ሰው መልሱን የሚያገኘው በዚህ ዘመን ከተጻፉ መዛግብት ነው። የሕሙማን መዝገብ፣ የተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የዝናብና የሐይቅ ከፍታ ልኬት ሁሉም ምስክሮቹ ናቸው። ወረቀቱ ከሻገተ ወይም ቀለሙ በውኃ ከታጠበ ምስክሩ የለም፤ ጥያቄውም መልስ አልባ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ስጋት ዛሬ ራሱን የቻለ የምርምር መስክ ሆኗል። የአየር ንብረት ለውጥን ያገናዘበ የመዛግብትና የመጻሕፍት አጠባበቅ በልዩ ልዩ አገሮች በሦስተኛ ዲግሪ ደረጃ እየተጠና ነው። መስኩ ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣል። አንደኛው፣ ክምችቶች እየጨመረ የሚሄደውን ሙቀት፣ ጎርፍና ሰደድ እሳት እንዴት ይቋቋማሉ? ሁለተኛው፣ የማከማቻ ቤቶቹ ራሳቸው ኃይል ሳያባክኑ እንዴት ይሠራሉ? ጥያቄዎቹ የኢትዮጵያም ናቸው። መልሱን ግን ከውጭ እንደ ዕቃ ገዝቶ ማምጣት አይቻልም።

ወረቀት እንዴት ያረጃል?

ወረቀት የሚያረጀው በውስጡ ያለው አሲድ ከሙቀትና ከእርጥበት ጋር ተባብሮ ቃጫውን ሲበጣጥስ ነው። በጥበቃ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ግምታዊ ስሌት እንደሚለው የሙቀት መጠኑ በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የወረቀቱ ዕድሜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ደግሞ ሻጋታ ይነሣል፤ ለመጻሕፍት ተባዮችም ይመቻል። ብራና ከወረቀት ይልቅ ዕድሜ አለው፤ ሆኖም እርጥበት ሲለዋወጥ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ቀለሙም ይረግፋል።

ከዚህ በመነሣት ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ሙዚየሞችና ቤተ መዛግብት ሙቀቱም እርጥበቱም ከአንድ ጠባብ መጠን እንዳይወጣ ሲጠይቁ ኖረዋል። ያን መጠን መጠበቅ የሚቻለው ሌት ተቀን በሚሠራ የአየር ማቀዝቀዣ ብቻ ነበር። የኃይል ወጪውና የአየር ብክለቱ ሲታይ ይህ አሠራር ጥያቄ ተነሣበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ቢዞ የተባለው የታላላቅ ሙዚየሞች ዳይሬክተሮች ስብስብ ለብዙዎቹ ቅርሶች ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀትና ከ40 እስከ 60 በመቶ እርጥበት በቂ ነው የሚል ሰፋ ያለ መመሪያ አወጣ። በዴንማርክ ቬይለ ከተማ የተገነባው የቅርሶች ማከማቻም ከማሽን ይልቅ በሕንፃው በራሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ግድግዳውና ጣሪያው ሙቀት እንዳያስገቡ ሆነው ተሠርተዋል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ሙቀቱን ያረጋጋዋል፤ መሣሪያ የሚያስፈልገው ትርፍ እርጥበትን ለመምጠጥ ነው።

የሐዋሳ ችግር የተለየ ነው

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ሐዋሳ ስናመጣቸው አንድ ትኩረት የሚሻ ነገር እናገኛለን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ዓመታዊ አማካይ ሙቀቷም ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። ይህም አውሮፓውያን ገንዘብ አፍስሰው የሚፈጥሩትን የአየር ሁኔታ ተፈጥሮ ለከተማዋ በነጻ እንደሰጠቻት ያሳያል። ስለዚህ በሐዋሳ ቀዳሚው የመዛግብት ጠላት ሙቀት ሳይሆን ውኃና መለዋወጥ ነው። ቀን በፀሐይ የሚግል፣ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ቆርቆሮ ጣሪያ በሥሩ ያለውን ወረቀት በየዕለቱ ያንገላታዋል። በክረምት የሚያፈስ አሸንዳም በአንድ ሌሊት የዓመታትን ሥራ ሊያጠፋ ይችላል።

የኃይሉም ጉዳይ እንዲሁ የተለየ ነው። የአውሮፓ ተመራማሪ ማቀዝቀዣን የሚነቅፈው በዋናነት ስለሚያስከትለው ብክለት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ግን በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ በመሆኑ፣ በእኛ ዘንድ ከብክለቱ ይልቅ የመብራት መቆራረጥና የጥገና ወጪ ይከብዳል። ማቀዝቀዣ በተገጠመለት ክፍል መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ሙቀቱና እርጥበቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ክፍል ማሽን ኖሮት ከማያውቅ፣ ግን ወፍራም ግድግዳ ካለው ክፍል የባሰ ሊሆን ይችላል።

ይህን አባቶች ያለ መሣሪያ ተረድተውት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሚሠራው ዕቃ ቤት ብዙ ጊዜ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ጠባብ መስኮት አለው። የብራናው መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር ገብቶ ከግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከመሬት እርጥበትና ከምስጥም ይርቃል። በአድዋ አቅራቢያ በሚገኘው አባ ገሪማ ገዳም የተጠበቁት ወንጌላት በካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 ዓመተ እግዚእ ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጁ ተገምቷል። ከእንጨት ጠረጴዛ ሥር ከተከመረው የቢሮ ፋይል ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሚያሳፍር ነው። «ማኅደር» የሚለው ቃል ከቆዳው ማስቀመጫ ወደ ቢሮ ፋይል ተላልፏል፤ ጥንቃቄው ግን አብሮት አልመጣም።

የከተማዋ አደራ

ሐዋሳ በዚህ ረገድ ከሌሎች ከተሞች የከበደ አደራ አለባት። የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ነበረች። የሲዳማ ክልል በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሥልጣኑን ተረክቧል፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲመሠረቱ የቀድሞው ክልል አበቃ። አስተዳደር ሲከፈል በጀትና ሕንፃ ብቻ አይከፈልም፤ የመሬት ይዞታ፣ የጡረታ፣ የፍርድና የትምህርት ማስረጃም አብሮ ይነካል። በጥድፊያ ታስሮ የተጓጓዘና የአቀማመጥ ሥርዓቱ የተበተነ ፋይል ባይበሰብስም እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ጉዳቱ ያኔ የሚገለጠው ይዞታውን ማስመስከር ያቃተው ገበሬ ወይም የአገልግሎት ዘመኑን ማረጋገጥ ያልቻለ ጡረተኛ ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት ነው።

ሐይቁም ሌላው ጉዳይ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ የሚፈስበት የገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ከፍታው ከሚገባውና ከሚተነው ውኃ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ሰው የሚንሸራሸርበት ግድብም ውኃው ወደ ከተማዋ እንዳይገባ የተሠራ መከላከያ ነው። በሐይቁ አካባቢ መዝገብ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሁሉ ይህን ታሪክ ማንበብ ይገባዋል።

አደጋው ከውኃ ብቻ እንዳልሆነ ኬፕ ታውን አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2021 ከተራራ የተነሣ ሰደድ እሳት የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲን የጃገር ንባብ አዳራሽ አቃጠለ፤ የአፍሪካ ጥናት መጻሕፍት ክምችትም ከፍተኛ ጉዳት ደረሰበት። እሳት የሚከላከሉ በሮች ከፊሉን ክምችት አተረፉ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውኃ ግን ምድር ቤት የነበሩትን አርሷል። ከዚህ የምንማረው የዝግጅት ዕቅድ እሳትንም ውኃንም በአንድ ላይ ማሰብ እንዳለበት ነው።

ምን ይጠና? ምን ይሠራ?

«አሸንዳ ለመጥረግ ዶክተር ያስፈልጋል ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አያስፈልግም። ፋይሎችን ከወለል ከፍ ማድረግ፣ መደርደሪያን ከውጭው ግድግዳ ማራቅ፣ ውድ መዛግብትን ከምድር ቤት ማውጣትና በእያንዳንዱ ክፍል ሙቀትና እርጥበት መመዝገቢያ አነስተኛ መሣሪያ ማስቀመጥ ነገ ሊጀመሩ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው።

ለመቶ ዓመት የሚዘልቅ ቤተ መዛግብት የት፣ በምን ድንጋይና በምን ጣሪያ እንደሚሠራ ለመወሰን ግን በዓመታት የተሰበሰበ ልኬት ያስፈልጋል። ይህ የኪነ ሕንፃ፣ የኬሚስትሪ፣ የሚትዮሮሎጂና የመረጃ ሳይንስ ባለሙያዎችን በአንድ የሚያሰልፍ የሦስተኛ ዲግሪ ሥራ ነው። በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተመሠረተው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም፣ የወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅም አለው። መስኩን ለመጀመር የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ዲጂታል ቅጂ የመጠባበቂያው አንድ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ 9 ሺህ ገደማ የብራና መጻሕፍትን ምስል አትርፏል። ነገር ግን ቅጂም ራሱ ማከማቻ፣ መብራትና ጥገና ይሻል፤ የመጀመሪያውን ሰነድ የመጠበቅ ግዴታም አያስቀርም።

በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውና በተለምዶ ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ሕጋዊ መሠረት አለው። ክልሎች ከዚህ ተቋም ጋር ተቀናጅተው በጀታቸውን ከማቀዝቀዣ ግዢ በፊት በጣሪያ፣ በግድግዳና በልኬት ላይ ቢያውሉት ይበጃል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የቡሹሎ ልጅ ሐይቁ በዘመኑ ምን እንዳደረገው የሚያውቀው የዛሬው መዝገብ ሳይበሰብስ ሲደርሰው ነው።