የተገዛ ጣቢያና በእጅ የተሠራ ጣቢያ

የባቡር ሞዴል መሥራት በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉበት ሥራ ነው። በሰፊ ጠረጴዛ ላይ ትናንሽ ሐዲዶች ይዘረጋሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ባቡር ይሄድባቸዋል፤ በሐዲዱ ግራና ቀኝም ጣቢያው፣ መጋዘኑና የመንደሩ ቤቶች ይቆማሉ። እነዚህን ቤቶች በሁለት መንገድ ማግኘት ይቻላል። አንደኛው ገዝቶ መገጣጠም ነው። ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ1946 በጀርመን አገር የተቋቋመው ፋለር የተባለው ድርጅት ለመገጣጠም የተዘጋጁ የፕላስቲክ ቤቶችን ይሸጣል። ሁለተኛው ከካርቶንና ከእንጨት በገዛ እጅ መሥራት ነው። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ይበልጣል፤ የሚበልጠውም ወጪው አነስተኛ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ የተገዛው ቤት ማዕዘኑ የተስተካከለ፣ መስኮቱም የጠራ ነው። ጀማሪ በምላጭ የቆረጠው ካርቶን እንዲህ አያምርም። ባቡሩንስ ቢሆን ገዝቶ መጠቀም ይሻላል እላለሁ፤ ትንሿን ሞተር እቤት ውስጥ ለመሥራት መድከም ትርፉ ብዙም አይታየኝም። ቤት ግን ከሞተር ይለያል። ሞተር በየትም አገር ሞተር ነው፤ ቤት ግን የቆመበትን ምድር አየርና የሠሪዎቹን ልማድ ይከተላል። በመደብር ከሚሸጡት ጣቢያዎች ብዙዎቹ በረዶ እንዳይከማችባቸው ጣራቸው ሾጠጥ ብሎ የተሠራ የአውሮፓ ጣቢያዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ቤት የድሬዳዋን ባቡር ለማስታወስ በተዘረጋ ሐዲድ አጠገብ ብናቆመው፣ አሠራሩ የቱንም ያህል ቢያምር ሐሰት ነው።

በእጁ የሚሠራ ሰው ከመቁረጡ በፊት አስተውሎ ማየት ግድ ይሆንበታል። በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ በጣም የተለመደው መስፈርት አንድ ለ87 ነው። በካርታ ትምህርት እንደምናውቀው፣ በእውነተኛው ቤት 87 ሜትር የሆነው በሞዴሉ 1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ በር 23 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ጣቢያ ደግሞ 23 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከፍ ያለውን ግድግዳ ለመለካት መሰላል አያስፈልግም። ድንጋዩ በእኩል ረድፍ የተካበ ከሆነ የአንዱን ረድፍ ከፍታ ለክቶ ረድፎቹን መቁጠር ይበቃል፤ አለዚያም ቁመቱ የታወቀ ሰው ከግድግዳው ሥር አቁሞ ፎቶግራፍ ማንሣት ይቻላል። ብዙ ጀማሪዎች የሚዘነጉት የግድግዳውን ውፍረት ነው። ግማሽ ሜትር የሚወፍር የድንጋይ ግድግዳ በዚህ መስፈርት ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በአንድ ስስ ካርቶን ብቻ ከተሠራ መስኮቶቹ የተለጠፉ ወረቀቶች ይመስላሉ፤ ስለዚህ ካርቶኑን ደራርቦ በማጣበቅ መስኮቱን ወደ ውስጥ ገባ ማድረግ ይገባል። ካርቶን በአንድ ወገን ብቻ ቀለም ከተቀባ ስለሚጣመም የውስጡም ገጽ መቀባት አለበት። ለቆርቆሮ ጣራ ከማስቲካ መጠቅለያ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ እያሰመሩ መጠቀም ይቻላል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የቆየ ተማሪ ግድግዳው ለምን እንደወፈረ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱንም የሚያገኘው እኩለ ቀን ላይ በዚያው ግድግዳ ጥላ ሥር ቆሞ ነው።

ይህ የልጆች ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ። ሮይ ኢንግላንድ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1925 ከአውስትራሊያ ወደ እንግሊዝ አገር በሄደ ጊዜ ገና ወጣት ነበር። በዚያ የነበሩት የሣር ክዳን ያላቸው የገጠር ቤቶች መልካቸው እየተለወጠ መሆኑን በተመለከተ ጊዜ፣ በካርቶንና በውሃ ቀለም አምሳያቸውን ለማስቀረት ተነሣ። እርሱ የመሠረተው የፔንደን ሙዚየም በሎንግ ዊተንሃም መንደር ዛሬም ይጎበኛል። አንዳንዱን ቤት ለመጨረስ ብዙ ወራት የፈጀ ሥራ ጨዋታ ከተባለ፣ የቃሉን ትርጉም እንደገና መመርመር ያስፈልጋል።

ጉዳዩ እኛንም የሚነካ ነው። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ለገሃር የሚለው የሰፈር ስም እንኳ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ሲሆን፣ በ2016 የተመረቀው አዲስ መሥመር ግን ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ሌላ ሐዲድና ሌሎች ጣቢያዎች ተሠርተውለታል። ባቡር የማይቆምበት ትንሽ ጣቢያ ጠባቂ ያጣል፤ ጠባቂ ካጣም በመጀመሪያ የሚወሰደው ቆርቆሮው፣ ቀጥሎም በርና መስኮቱ ነው። ሞዴል ሕንጻውን ከመፍረስ አያድነውም። ሆኖም በሩ የት እንደነበረና ጣራው ምን ያህል ይዘልቅ እንደነበረ በልኬት ያስቀራል፤ ፎቶግራፍ ብቻውን ይህን በሙሉ አይነግረንም።

በአሮጌው መሥመር ላይ በሚገኙት እንደ ሞጆ፣ አዋሽና ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች የሚማሩ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ ቅርብ ናቸው። የሚመለከተውን ክፍል አስፈቅደው አንድ ሜትርና አንድ ደብተር ይዘው ቢሄዱ በአንድ ቀን ልኬቱን ማጠናቀቅ ይችላሉ። በለገሃር እንዲጀምሩ ግን አልመክርም፤ ሕንጻው ትልቅ ነው፣ ጌጡም ይበዛል። ከሐዲዱ ዳር ያለች፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ብቻ ያላት የዘበኛ ቤት ለመጀመሪያ ትበቃለች። ሲጨርሱም ልኬቱ የተወሰደበትን ቀንና ቦታ ከመቆሚያው ሥር በቀለም ይጻፉበት።