አማተር ስድብ አይደለም

ባለፈው ሰሞን እዚህ በሰሜን እንግሊዝ ከወዳጆቼ ጋር ቡና ስንጠጣ፣ እሑድ እሑድ ወዴት እንደምጠፋ ተጠየቅሁና ነገርኋቸው። ሞተር ሳይክል ላይ ቆሜ በጅረት ውስጥ፣ በቋጥኝ ላይና በዛፍ ሥር መካከል በእግሩ ከሚሄድ ሰው በማይፈጥን ርምጃ እንደምነዳ፣ እግሬ መሬት ከነካ እንደምቀጣ፣ ሽልማቱም ከአንዲት ትንሽ ዋንጫ እንደማያልፍ አስረዳኋቸው። ሁሉም ሳቁ። አንደኛው ሳቁን ገታ አድርጎ፣ «ታዲያ በዚህ ዕድሜህ አማተር ሆነህ ልትቀር ነው?» አለኝ።

ይህ ጽሑፍ ለእርሱ የተሰጠ መልስ ይመስላል፤ አይደለም። እርሱ የናቀው የማያውቀውን ነው፤ የማያውቁትን መናቅ ደግሞ ቀላል ኃጢአት ነው። የእኔ ጠብ ከሚያውቁት ጋር ነው፤ ይህን ስፖርት እንወዳለን እያልን የአማተሩን መሬት ከእግሩ ሥር ከምንነጥቀው ከራሳችን ከነጂዎቹ ጋር።

አስቀድሜ ግን ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «አማተር» ከፈረንሳይኛ የመጣ፣ ሥሩም «መውደድ» ከሚለው የላቲን ግስ የተመዘዘ ቃል ነው። ወዳድ፣ አፍቃሪ ማለት ነው። እኛ ወደ ቤታችን ስናስገባው ፍቅሩን ደጅ ላይ አስቀርተን «ያልበሰለ፣ ያልተሳካለት፣ የማይከፈለው» አደረግነው። ያልታተመው ገጣሚ አማተር ነው፤ ሜዳልያ የሌለው ሯጭም አማተር ነው። ነገር ግን የሚከፈለው ሰው ክፍያው ሲቀር ሥራውን ቢተው ማንም አይወቅሰውም። ያለ ክፍያ፣ ያለ ጭብጨባ፣ በዝናብና በጭቃ ለሃያ ዓመት የሚመላለሰውን ሰው ምን እንበለው? ለዚህ ሰው ከ«ወዳድ» የሚሻል ስም አላገኘሁለትም።

ስፖርቱ ትሪያል ይባላል። ፍጥነት አይለካበትም። አዘጋጆች በአንድ አስቸጋሪ ስፍራ በጥብጣብና በቀስት ምልክት ጠባብ መንገድ ያሰምራሉ፤ ነጂዎች አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ካርድ የያዘ ታዛቢ ዳር ቆሞ ይቆጥራል። እግሩን ሳያሳርፍ ያለፈ 0 ይጻፍለታል። አንድ ጊዜ ያሳረፈ 1፣ ሁለት ጊዜ ያሳረፈ 2፣ ከዚያ በላይ ስንትም ጊዜ ቢያሳርፍ 3። የወደቀ፣ ከመስመር የወጣ ወይም መጨረስ ያቃተው 5 ይቀበላል። በክለብ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ 10 ያህል እንዲህ ያሉ ፈተናዎች ተዘጋጅተው በ3 ወይም በ4 ዙር ይነዳሉ። በስተመጨረሻ የዕዳው ድምር ያነሰ ያሸንፋል። ከፍ ያለ ቁጥር ለማግኘት በሚሯሯጥ ዓለም ውስጥ ሰው ዜሮን ሽቶ እሑዱን የሚሰዋበት ጨዋታ ይህ ነው።

ጨዋታው ትናንት የተፈጠረ አይደለም። በስኮትላንድ ተራሮች ዛሬም ድረስ ለስድስት ቀናት የሚካሄደው ታላቅ ውድድር መነሻው እ.ኤ.አ. 1909 ነው። በዮርክሻየር የሚካሄደውና አልፍሬድ አንጋስ ስኮት በተባለው የሞተር ሳይክል ሠሪ ስም የሚጠራው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1914 ተጀመረ። የመጀመሪያው ዓላማ ማሽኑን መፈተን ነበር፤ ይህ ሞተር ዳገቱን ይወጣልን? ጭቃውንስ ይሻገራልን? ያን ጊዜ ሰው ወደ ገበያ በሚሄድበት ሞተር ይወዳደር ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ማሽኑ ተለወጠ። የቤልፋስቱ ተወላጅ ሳሚ ሚለር በከባዱ ኤሪየል ብዙ ድል ካገኘ በኋላ ወደ ስፔኑ ቡልታኮ ዞሮ ቀላልና ባለ ሁለት ምት ሞተር በማበልጸግ ረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1965ም የስኮትላንዱን የስድስት ቀን ውድድር በዚያ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የመቅለል ታሪክ ነው። የዛሬው የትሪያል ሞተር ክብደት 70 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ ወንበር የለውም፤ የሚይዘው ቤንዚን ጥቂት ሊትር ብቻ ነው። ማሽኑ በቀለለ ቁጥር ድንጋዩ ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2024 የሜዳ ላይ የዓለም ሻምፒዮናነቱን ለማንም ሳያስነካ በየዓመቱ የወሰደው ስፔናዊው ቶኒ ቡ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቋጥኝ ላይ ሲወጣ ላየ ሰው ነገሩ ከተአምር አይለይም። ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። ነገር ግን ያ የእርሱ እንጀራ ነው፤ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነው። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ጥፋቱ የሰኞ ሥራ የሚጠብቀውን፣ ጉልበቱ የሚያመውን፣ ልጁን ይዞ የመጣውን ሰው በእርሱ ልክ በተሰፋ ልብስ ልናለብስ የተነሣነው የእኛ ነው።

ከሩቅ ሆኜ አልከስም፤ ካጠፉት አንዱ እኔ ነኝና። ባለፈው ክረምት የክለባችንን ፈተና ካዘጋጁት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ጅረት ዳር፣ ከጠባብ ጥምዝ ቀጥሎ፣ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ደረጃ አገኘንና ደስ አለን። ከመካከላችን ጎበዙ ሞከረውና በዜሮ ወጣው። «ቀላል ነው» አለ። እኔ ሁለት ጊዜ ወደቅሁበት፤ ነገር ግን ደካማ እንዳልባል ዝም አልሁ። ለጀማሪዎች የተባለውን መስመር ከደረጃው ጫፍ አንድ ክንድ ብቻ ፈቀቅ አድርገን ወደ ቤታችን ሄድን። ሌሊቱን ዘነበ።

እሑድ ጠዋት አንድ አባት የ14 ዓመት ልጁን ይዞ መጣ፤ ለልጅቱ የመጀመሪያዋ ውድድር ነበር። በዚያ ድንጋይ ላይ በመጀመሪያው ዙር ወደቀች። በሁለተኛውም ወደቀች። በሦስተኛው ሞተሩ እግሯ ላይ ተኛ፤ አጥንቷ አልተሰበረም፤ ሌላ ነገር ግን ተሰበረ። የራስ ቁሯን ሳታወልቅ መኪና ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። አባትየው ምንም አልተናገረም፤ ሞተሩን ጭኖ፣ አመስግኖን፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየናቸውም። ማታ የታዛቢውን ካርድ ስቆጥር ያ ፈተና ከጥቂቶች በቀር ለሁሉም 5፣ 5፣ 5 ይላል።

እስቲ ይህን ካርድ እንደ ሚዛን እንየው። ሁሉንም ዕቃ አንድ ኪሎ ነው የሚል ሚዛን ሚዛን አይደለም። ሁሉም 0 የሚያገኝበት ፈተና ምንም እንደማይለካ ሁሉ፣ ሁሉም 5 የሚያገኝበትም ምንም አይለካም። መልካም ፈተና ማለት ከካርዱ ላይ 0ም፣ 1ም፣ 3ም፣ 5ም የሚገኝበት፣ ጎበዙን ከመካከለኛው፣ መካከለኛውን ከጀማሪው የሚለይ፣ የወደቀውንም «በሚቀጥለው ዙር እችለዋለሁ» የሚያሰኝ ነው። እኛ ያዘጋጀነው የሦስት ሰዎችን ከንቱ ውዳሴ የሚለካ ነበር።

ሁለተኛው ክሴ ስለ ማሽኑ ነው። በየዓመቱ አዲስ ሞተር የሚለውጥ፣ ነገር ግን የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ የት እንዳለ የማያውቅ ነጂ በርክቷል። ሞተሩ ሲያነክስ ወደ ጋራዥ ይልካል፤ እርሱ ሲያነክስ ደግሞ ሞተሩን ይለውጣል። እኔ የምነዳው ከእኔ በፊት ሁለት ባለቤቶች ያረጁበትን ነው። ማክሰኞ ማታ የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ደፍኜ አጥበዋለሁ፤ ውኃ እንዳይገባበት። ስፖንጁን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት አጠጥቼ እመልሰዋለሁ፤ በደረቅ ስፖንጅ የገባ አቧራ የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋልና። የኋላውን ሞላ የሚያያይዙትን ኩሽኔታዎች ፈትቼ ግራሶ እቀባቸዋለሁ፤ ካቴናውን እለካለሁ፤ የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣቴ መትቼ ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ የላላው ድምፁ ይሞታል። በመጨረሻ የኋላ ጎማውን ነፋስ ወደ 4 ፒ.ኤስ.አይ. አወርደዋለሁ፤ የመኪና ጎማ ከሚይዘው አንድ ስምንተኛ ያህል መሆኑ ነው። እንዲህ የለሰለሰ ጎማ ድንጋዩን እንደ መዳፍ ያቅፈዋል፤ ነፋሱ የበዛበት ግን ይነጥርና ይጥልሃል።

ይህ ሁሉ ከነጂነት ውጭ የሆነ የሜካኒክ ሥራ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። በዝግታ ሲነዳ ሸክሙን የሚሸከመው ፍሪሲዮኑ ነው፤ የግራ እጅህ አንድ ጣት ኃይሉን በጭልፋ እየለካች ትሰጣለች። ማክሰኞ ማታ ያንን ዕቃ ፈትቶ የገጠመ ሰው እሑድ ጣቱ ምን እንደምትነካ ያውቃል። ገንዘብ ቀላል ሞተር ይገዛል፤ ሚዛን መጠበቅን ግን አይገዛም።

ሦስተኛው ክሴ ከሁሉ የከፋው ነው። ታዛቢ ጠፋ። ሁላችንም መንዳት እንፈልጋለን፤ በብርድና በዝናብ አምስት ሰዓት ቆሞ የሌላውን ሰው እግር መቁጠር የሚፈልግ ግን የለም። ያን ሥራ እስካሁን የተሸከሙልን መንዳት ያቆሙ ሽማግሌዎችና የነጂዎች ሚስቶች ናቸው። እነርሱን ደግሞ ምን አደረግናቸው? «አላሳረፍሁም! እግሬ አልነካም!» እያልን ስለ አንዲት ነጥብ ጮኽንባቸው። አንባቢ ሆይ፣ ዜሮ በራሱ የሚገኝ ነገር አይደለም። ማንም ሳያይ ድንጋይ የወጣ ሰው ድንጋይ ወጣ እንጂ ዜሮ አላገኘም። ዜሮ የሚሆነው አንድ ሌላ ሰው ቆሞ፣ አይቶ፣ በእውነት ሲመሰክርለት ነው። ምስክሩን ያባረረ ስፖርት ዳኛውን የገደለ ሙግት ነው።

«ካልከበደ እድገት የለም» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ክብደት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከላይ በጠቀስሁት የስኮትላንድ ውድድር አማተሮች በዕጣ ተመርጠው ከታላላቆቹ ጋር አንድ መስመር ላይ ይሰለፋሉ፤ በቀን 30 ፈተና፣ ለስድስት ቀን፣ በረግረግና በዝናብ። ያ ከባድ ነው። ክብደቱ ግን ከጽናት የሚመጣ ነው፤ ሰውን በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ሰብሮ የሚመልስ አይደለም። ደግሞስ በአንድ ፈተና ውስጥ ለጎበዙ በድንጋዩ አናት፣ ለጀማሪው በድንጋዩ ጎን ሁለት መስመር ማስመር ምን ይከለክላል? የሚከለክለው ስንፍናችን ነው፤ አንድ ተጨማሪ ሰዓት፣ ጥቂት ተጨማሪ ቀስት ነው የሚጠይቀው።

«ወጣቱ የሚፈልገው የሚያስደንቅ ቪዲዮ ነው» የሚሉም አሉ። ቪዲዮ ተመልካች ያመጣል፤ ነጂ አያመጣም። እኔ ያደግሁበት አገር ገበሬው መከሩን ካነሣ በኋላ በሜዳ ላይ ገና ይጫወታል፤ ዱላ የቆረጠ ሁሉ ይገባል፤ ጌታና ሎሌ ለዚያች ቀን እኩል ናቸው። «ሩሯን ከሁሉ አርቆ ያልመታ አይግባ» ቢባል ኖሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ሜዳው ላይ ሁለት ሰው፣ ዳር ላይ ደግሞ መንደርተኛው ሁሉ ቆሞ ይቀር ነበር። በሦስተኛው ዓመት ዳር የቆሙትም ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። የሜዳው ባለቤት ገበሬም ማንም የማይጫወትበትን ሜዳ መልሶ ያርሰዋል። የእኛም ስፖርት የቆመው በገበሬ መሬትና በገበሬ በጎ ፈቃድ ላይ መሆኑን አንርሳ።

ስለዚህ ለክለቤና ለመሰሎቹ የምለው ሦስት ነገር ነው። ፈተና ያዘጋጀ ሰው በክለቡ ደካማ በሆነው ነጂ ያስሞክረው፤ ጎበዙ «ቀላል ነው» ቢል ምስክርነቱ አይቆጠር። አስር ጊዜ የነዳ ሰው አንድ ጊዜ ካርድ ይያዝ። አዲስ ሞተር ለመግዛት የሚቸኩል ሰው ያለውን ሞተር አንድ ጊዜ እንኳ ፈትቶ ይግጠም። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትንሽ ማፈርን ነው።

በሚቀጥለው እሑድ እኔ አልነዳም። በዚያው ጅረት ዳር ካርድና እርሳስ ይዤ እቆማለሁ። ለጀማሪዎች የሚሆነውን መስመር በራሴ እጅ ከደረጃው አርቄ፣ በአሸዋው በኩል አስምሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ዘንቦም ቢሆን ሄጄ አየዋለሁ። ለአባትየው በክለቡ በኩል መልእክት ልኬያለሁ፤ መልስ አልመጣም። ባይመጡም መስመሩ እዚያው ይቆያል፤ ሌላ ልጅ ይዞ የሚመጣ ሌላ አባት አይጠፋምና።

ለወዳጄም መልሴ አጭር ነው። አዎን፣ አማተር ሆኜ ልቀር ነው፤ ካስቀሩኝ።