«ዎርድ» ብንለው የማይሰማን ኮምፒውተር

ባለፈው መካኒሳ አንዱ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ሲቪ ልናስተካክል ገባን። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር በፕሮግራም ምልክት ተሞልቷል። ሳቅን። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ከፊቴ ካልሆነ አላገኘውም» አለችን። ሳቃችንን ዋጥን።

ልክ ናታ! ዊንዶውስ 95 በ1995 እ.ኤ.አ. ስታርት ሜኑን ሲያመጣ ፕሮግራሙን ከዝርዝር መሀል በስሙ ልቀሙ አለን። ቪስታ በ2007 እ.ኤ.አ. የፍለጋ ሳጥን ጨመረበት፤ እሱም ስሙን ንገሩኝ ባይ ነው። ዊንዶውስ 8 በ2012 እ.ኤ.አ. የስታርት ቁልፉን ጭራሽ አነሳው፣ ሰው ሲያማርር በዓመቱ መለሰው።

የልጅቷ ኪቦርድ ቀኑን ሙሉ አማርኛ ላይ ነው። ፕሮግራሙን ልትፈልግ ስትመታ «ዎርድ» ብሎ በፊደላችን ይወጣል፤ ሳጥኑ ምንም የለም ይላታል። ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው እኮ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው! ሜኑውን ወደ አማርኛ ብንቀይረው እንኳ የዎርድ ስም አይነካም።

«ታዲያ ኪቦርዱን ትቀይራ!» የምትሉ አላችሁ። ትቀይራለች፣ በቀን መቶ ጊዜ። ግን ደንበኛ መጥቶ «ወርድ ክፈቺልኝ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «የኪራይ ውል ጻፊልኝ» ነው የሚለው። ሜኑውም በሥራው ስም ይጠራልን፤ ውል፣ ማመልከቻ፣ ጉርድ ፎቶ።

እስከዚያው አቋራጮቹን ስም እንቀይር ብለን ጀመርን። ፎቶሾፕን «ጉርድ ፎቶ» አልነው። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ደንበኛ ገባና ከወንበሩ አስነሳን። ሲቪያችንም እዚያው አደረ።